ዋጋው አልወረደም፣ ገዢው ነው የጠፋው
(ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ በዕድር ስብሰባ ላይ ስለ ኮንዶሚኒየም ሽያጭ የተደረገ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ? አሰላሙ ዐለይኩም! በኦሮምኛውም በሶማልኛውም ሰላም ብያለሁ። እዚህ ከተማ ሰላምታ ብቻውን ግማሽ ሰዓት ይወስዳልና የቀረውን እርስ በርስ ሙሉልኝ። አባቶች፣ እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ ፀሐይዋ በረድ እስክትል ጠብቃችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወጣቶች፣ ወንበር አለ፣ ወደ ፊት ኑ።

ኮሚቴው ሲጠራኝ «ስለ ቤት ሽያጭ አንድ ነገር በይን፣ ግማሹ አባል ቤቱን ለደላላ ሰጥቶ ቁጭ ብሏል» ነው ያለኝ። እኔ ደላላ አይደለሁም። ጠበቃም አይደለሁም። የሂሳብ አያያዝ መምህር ነበርኩ፣ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከወንድሜና ከእህቴ ጋር ግን የእናታችንን ኮንዶሚኒየም እዚሁ ሳቢያን ሸጠናል። የሸጥነውም ገበያው ጭጭ ባለበት ጊዜ ነው። የማወራው ከዚያ ተነስቼ ነው።

እስቲ አሁን የሚሸጥ ቤት ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። አይዟችሁ፣ እዚህ ደላላ የለም። እዚያ ጥግ ያለኸው ልጅ ብቻ ነህ የምታጠራጥረኝ። (ሳቅ)

አያችሁ? ብዙ ነን። ድሬ ላይ የቀዘቀዘ ነገር ቢኖር የቤት ገበያ ብቻ ነው።

ሦስት ነገር አነሳለሁ። አንደኛ፣ ገበያው ምን ነካው? ሁለተኛ፣ ዋጋችንን በምን እንለካው? ሦስተኛ፣ ወረቀት። ሦስተኛው ያሰለቻል። ብር የሚያስበላው ግን እሱ ነው፤ ስለዚህ እንዳትተኙብኝ።

አንደኛውን ልጀምር።

ሰው «የቤት ዋጋ ወረደ» ሲል እሰማለሁ። የት ነው የወረደው? እስቲ ለደላላ ደውሉ። ባለ ሁለት መኝታ ስንት ገባ በሉት። የዛሬ ሁለት ዓመት የነገራችሁን ይነግራችኋል፤ እንዲያውም ጨመር አድርጎበት። ዋጋው አልወረደም። ገዢው ነው የጠፋው። ይህን ልድገመው፣ ምክንያቱም የዛሬው ነገር ሁሉ ከዚህ ነው የሚወጣው፦ ዋጋው አልወረደም፣ ገዢው ነው የጠፋው።

ለምን እንዲህ ሆነ? በሌላው ዓለም ብዙ ሰው ቤት የሚይዘው በባንክ ዕዳ ነው። ጊዜው ሲከፋ ወርሃዊውን መክፈል ያቃተው ሰው በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። እሱ ባይሸጥ ባንኩ ይሸጥበታል። ዋጋውም ሁሉም እያየው ይወርዳል። እኛ ጋ ግን አብዛኛው ባለቤት ወይ ዕዳ የለበትም፣ ወይ ዕዳው በድሮ ብር የተቆረጠ ነው። 20 በመቶ ከፍሎ ቀሪውን 80 በመቶ ከባንክ የወሰደ የኮንዶሚኒየም ባለ ዕጣ ዛሬ በየወሩ የሚከፍላት ለሁለት ሰው ምሳ አትሞላም። ይህን ሰው ማን ያስገድደዋል? ማንም። ስለዚህ «በዚህ ዋጋ ካልሆነ አልሸጥም» ብሎ ይቀመጣል። ጎረቤቱም ይቀመጣል። ደረጃው ሥር የተለጠፈውን «የሚሸጥ ቤት» የሚለውን ወረቀት ፀሐይ ያነጣዋል። ስልክ ቁጥሩ አይነበብም። ዋጋው ግን ንቅንቅ የለም።

ገዢውስ የት ገባ? ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ላርግብ ብሎ ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ጣሪያ አበጀ። ጣሪያው በኋላ ወደ 18፣ ከዚያም ወደ 24 በመቶ ከፍ ብሏል። እናንተ «እኛ መቼ ከባንክ ተበደርን?» ትሉኝ ይሆናል። እናንተማ አልተበደራችሁም። የሳቢያንን ቤት ይገዛ የነበረው ሰው ግን ማን ነበር? ቀፊራና ታይዋን ገበያ ላይ ዕቃ የሚያወርደው ነጋዴ አይደለም? ያ ሰው በባንክ ብር እየነገደ በትርፉ ቤት ይገዛ ነበር። ብድሩ ሲጠብ ትርፉን መልሶ ሸቀጥ ውስጥ ከተተው። ሰውዬው አልደኸየም። ብሩ ግን ጨርቅና ስኳር ውስጥ ነው ያለው።

ከዚያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 መጣ። የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ። ባንክ ላይ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ዓመት ሳይሞላው 130ን አለፈ። ብረቱ ተወደደ፣ ሴራሚኩ ተወደደ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ ተወደደ። ሻጩ «ይህን ቤት ዛሬ ልሥራ ብል በስንት እሠራዋለሁ?» ይላል። እውነቱን ነው። ገዢው ደግሞ «ዘይቱና የልጆቹ ትምህርት ቤት ደመወዜን ጨረሰው» ይላል። እሱም እውነቱን ነው። ሁለት እውነት ደረጃው ላይ ተላልፎ ይሄዳል።

ሌላም አለ፤ በጥቂቱ ልንካው። ጥር 2017 ላይ የንብረት ታክስ አዋጅ ጸደቀ። ቤት ገዝቶ ቆልፎ ማስቀመጥ የለመደው ሰው ትንሽ እንዲያስብ አደረገው። የኪራይ አዋጁም አለ፤ ወረቀት ላይ ስንደርስ እመለስበታለሁ። ሰኔ 2017 ላይ ደግሞ የውጭ ዜጋ ቤት መግዛት ይችላል የሚል አዋጅ ሲወጣ ብዙ ሰው ደስ ብሎት ደወለልኝ። አቦ፣ ተረጋጉ! ትንሹ መነሻ 150 ሺህ ዶላር ነው። በዚያ ብር ሳቢያን አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ የሚገዛ ፈረንጅ ካገኛችሁ ለእኔም አስተዋውቁኝ። (ሳቅ)

ወደ ሁለተኛው ልለፍ። ዋጋ።

እዚህ ላይ የራሴን ቤተሰብ ጉድ ነው የማወራው። ሁለቱም ፈቅደውልኛል፤ ደውዬ ጠይቄያለሁ።

አባታችን የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግነው ከዚራ፣ የኩባንያው ቤት ውስጥ ነው። ከዚራን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ፣ ከፍ ያለ ኮርኒስ፣ ደጅ ላይ ጥላው የማይነቃነቅ ዛፍ። እኩለ ቀን ላይ እንኳ ወለሉ ይቀዘቅዛል። ግን የእኛ አልነበረም። እናታችን ዕድሜዋን በሙሉ በሰው ቤት ኖራ፣ በመጨረሻ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣላት ካርታውን በፌስታል ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እሷ ስታልፍ ቤቱ ለሦስታችን ቀረ። ታላቃችን አዲስ አበባ ነው፤ ወንድም ጋሼ ነው የምለው። ታናሻችን ጅቡቲ ነው የምትሠራው። እኔ እዚሁ።

ወንድም ጋሼ ዋጋ ቆረጠ። በምን ቆረጠ? ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት ገበያው ሞቅ ባለ ጊዜ በሸጠበት ዋጋ። «እሱ በዚያ ከሸጠ እኛ በምን ዕዳችን እናሳንሳለን? የእማዬ ቤት እኮ ነው!» አለ። እኔም በልቤ ልክ ነው ብያለሁ። ታናሻችን ግን በስልክ ምን አለችን መሰላችሁ? «እትዬ፣ እናንተ ዋጋ ይዘን ጠበቅን ትላላችሁ። እኔ እዚህ ሆኜ ስቆጥረው ቤቱ በየወሩ እያለቀ ነው።»

እሷ የምትቆጥረው በፍራንክ ነው። የጅቡቲ ፍራንክ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዶላር 177.721 ፍራንክ ነው፣ ለአሥርተ ዓመታት አልተነቃነቀም። መምህር ነኝና ሰሌዳ ባይኖርም በቃል እናስላው። ቤቱ 3 ሚሊዮን ብር ነው እንበል፤ ለምሳሌ ነው፣ የእኛን አልናገርም። ዶላር 57 ብር በነበረ ጊዜ 3 ሚሊዮን ብር 52 ሺህ 600 ዶላር ገደማ ነበር። በፍራንክ ወደ 9 ሚሊዮን 350 ሺህ። ዶላሩ 130 ሲገባ ያው 3 ሚሊዮን ብር 23 ሺህ ዶላር ሆነ። በፍራንክ 4 ሚሊዮን 100 ሺህ። ወንድም ጋሼ አዲስ አበባ ተቀምጦ «ዋጋችንን አስከብረናል» ይላል። እህቴ ጅቡቲ ተቀምጣ ግማሹ ሲሄድ ታያለች። ቤቱ ያው አንድ ቤት ነው።

«የጥቁር ገበያው ምንዛሪ ቀድሞም ሌላ ነበር» የምትሉኝ አላችሁ፤ ፊታችሁ ላይ አየሁት። ልክ ናችሁ። እንግዲያው ግማሽ አይሁን፣ ከዚያ ያነሰ ይሁን። መውረዱ ግን አይቀርም። እኛ አገር የቤት ዋጋ የሚወርደው ቁጥሩ ሳይነካ ነው። ቁጥሩ ባለበት ተቀምጦ ብሩ ከሥሩ ይሸሻል። ለዚህ ነው ባለቤቱ የማይታወቀው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይሉ የለ?

ታዲያ ሁሉም ሰው ነገ ይሽጥ ማለቴ ነው? አይደለም! ይህን በደንብ ያዙልኝ። ጥያቄው «በብሩ ምን ልታደርጉበት ነው?» የሚለው ነው። ሸጣችሁ ብሩን ቁጠባ ላይ የምታስቀምጡት ከሆነ፣ ትንሹ የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ ነው። የዋጋ ንረቱ ከዚያ በላይ ነው። በጥንቃቄ ሸጣችሁ በጥንቃቄ ትደኸያላችሁ። እንዲህ ከሆነ አትሽጡ፤ አከራዩት። ሸጣችሁ ሌላ ቤት የምትገዙ ከሆነ ደግሞ ምን ያስጨንቃችኋል? የእናንተ ገዢ እንደጠፋ የዚያኛውም ሻጭ ገዢ ጠፍቶበታል። እዚህ የቀነሳችሁትን እዚያ ታስቀንሱታላችሁ። ለሕክምና፣ ለልጅ ጉዞ፣ እንደኛ ለውርስ ክፍፍል ከሆነ ግን ቀን አላችሁ። ቀን ያለው ሰው የድሮ ዋጋ ላይ ተንጠልጥሎ መቀመጥ አይችልም።

የጎረቤትን ዋጋ ስትሰሙም አጣሩ። የጠራውን ነው ወይስ የተከፈለውን? መቼ ነው የሸጠው? ስንተኛ ፎቅ? በአንድ ጊዜ ተከፈለው ወይስ ዛሬም ቀሪውን እየለመነ ነው? ከእኛ በታች ያለው ጎረቤት ግራውንድ ነበር፣ ፊቱ አስፋልት። ገዢው ሱቅ አድርጎታል። የእኛ አራተኛ ፎቅ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ሱቅ ይከፍታል?

አሁን ትንሽ ከመንገድ ልውጣ። ዋጋ የሚጠራበት ሰዓት አለ። ድሬ ከቀትር በኋላ ምን ላይ እንደምትሆን ለእናንተ አልነግርም። ደላላው ከጫት በርጫ ላይ ይደውላል። «እትዬ፣ አንድ ሰውዬ አግኝቻለሁ፣ ብሩ አስቸግሮታል፣ ካላችሁት በላይ ነው የሚከፍለው!» ወንድም ጋሼ ይህን ሲሰማ ዋጋ ይጨምራል። ማታ ደላላው ጨብሲ ላይ፣ መጠጡ ላይ ሆኖ መልሼ ስደውል ሰውዬው የለም። ብሩም የለም። አንዳንዴ ደላላውም ስልክ አያነሳም። በምርቃና የተጠራ ዋጋ ላይ ቤተሰብ አይጣላ። ለሽማግሌዎቻችን ይቅርታ፣ ግን የማያውቅ እዚህ የለም። (ሳቅ)

ደላሎችን መስደቤ አይደለም። የሠራ ሰው ኮሚሽኑን ማግኘት አለበት። ብዙ ጊዜ 2 በመቶ ነው የሚጠይቁት፤ ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ በጽሑፍ ይሁን። ለአሥር ደላላ ሰጥታችሁ አሥሩም የተለያየ ዋጋ ከጠራ ግን ገዢው «ይህ ቤት ችግር አለበት» ይላል። እኛ ሁሉንም ሰብስበን አንድ ዋጋ ነገርናቸው። ከዚያ በላይ ጠርቶ ልዩነቱን የሚበላ ካለ ቁልፍ አንሰጥም አልን። ዋጋውን ስንቀንስም አንዴ ነው የቀነስነው፣ ጠቀም አድርገን። በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ የሚቀንስ ሻጭ ገዢውን «ጠብቅ» እያለው ነው።

ገዢዋ እንዴት መጣች? ይህን በዝርዝር ልንገራችሁ፤ የሚጠቅማችሁ ይመስለኛል።

እኛ ቤት የምናሳየው ጠዋት ነበር፣ ሙቀቱ ሳይነሳ። ሁሉም እንደዚያ ያደርጋል። ይህች ሴት ግን በግንቦት፣ በስምንት ሰዓት ካልሆነ አልመጣም አለች። በባጃጅ መጣች። አራቱንም ፎቅ ሳታርፍ ወጣች። ከገባች በኋላ ምንም አልተናገረችም። በስተ ምዕራብ ያለውን የመኝታ ቤት ግድግዳ በመዳፏ ነካችው። ያዝ አድርጋ ቆየች። እጇን አንስታ አየችውና ወደ ኩሽና ሄደች። ቧንቧውን ከፈተች። ፉጨት ብቻ። ውሃ የለም። የቧንቧውን አፍ በጥፍሯ ፋቀችው፤ ያ ነጩ የድሬ ውሃ ድንጋይ ተፈርፍሮ ወደቀ።

«እናቴ፣ ውሃ በስንት ቀኑ ነው ወደዚህ ፎቅ የሚወጣው?» አለችኝ።

ምን ልበላት? እውነቱን ነገርኳት። ማታ ማታ እንደሚመጣ፣ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ እንደማይመጣ፣ ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝ። ቧንቧውን ያየ ሰው ሌላ መልስ አይፈልግም። ስልኳን አወጣችና ለባሏ በቪዲዮ አሳየችው። ባሏ ጅቡቲ ወደብ ላይ ነው የሚሠራው። ኮርኒሱ ላይ ያለውን የዝናብ ነጠብጣብ አሳየችው። ደረጃውን አሳየችው። ከብሎኩ ጀርባ ያለውን የጋራ ኩሽና ሳይቀር በመስኮት አሳየችው። እኔ ቆሜ እሰማለሁ። ሰውዬው በመጨረሻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ «ካርታው በማን ስም ነው?»

ልብ በሉ፤ ያ ሰው ደመወዙን በፍራንክ ነው የሚቆጥረው። እኛ ዋጋ ቀነስን ብለን ልባችን ሲደማ፣ እሱ ድሮ ያልደረሰበት ቤት እጁ ላይ ወድቆለታል። ድሬ ላይ አሁን አቅም ያለው ገዢ እንዲህ ያለው ነው። ጅቡቲ ነው፣ ሐርጌሳ ነው፣ ጅዳ ነው። ቤቱን አያየውም፤ እህቱን ወይም ሚስቱን ይልካል። ስለዚህ ቤታችሁን ስታስተዋውቁ በጠራ ቪዲዮ፣ ጉድለቱንም ጨምሮ አሳዩ። ሚስቱ መጥታ የደበቃችሁትን ካገኘች አለቀ፣ አትመለስም። ብሩም በባንክ ይላክ። በእጅ፣ በሻንጣ፣ በዘመድ የሚባል ነገር ውስጥ አትግቡ።

ይህ ወደ ሦስተኛው ያስገባናል። ወረቀት! ንቁ፣ ንቁ።

ገበያ ሲሞቅ ወረቀት የጎደለው ቤትም ይሸጣል። ሲቀዘቅዝ ግን ገዢው መራጭ ነው። ከእናንተ በታች ያለው ቤት ወረቀቱ ሙሉ ከሆነ ወደዚያ ይወርዳል። አባቶች ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ገዢ ከተገኘ በኋላ ወረቀት ማሯሯጥ አይሆንም።

የውርስ ቤት ከሆነ መጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ያስፈልጋል። ከፍርድ ቤት ነው፤ ሙስሊም ቤተሰቦች ሁሉም ከተስማሙ በሸሪዓ ፍርድ ቤት ያስጨርሳሉ። ከዚያ ስሙ ወደ ወራሾቹ ይዞር። አንዱ ወራሽ ውጭ ከሆነ ውክልና ይላክ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል፤ አዳምጡኝ። «በንብረቴ ሁሉ እንዲያስተዳድር» የሚል ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። «እንዲሸጥ፣ እንዲፈርም፣ ብሩን እንዲቀበል» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ። እህቴ ከጅቡቲ ኤምባሲያችን ሄዳ ያሠራችው እንዲህ ያለውን ነው። ዘመዷን አምና ዝም ብላ አልፈረመችም፤ እኔን እህቷን እንኳ «ብሩ በእኔ ሂሳብ ቀጥታ ይግባ» ብላ አስጽፋለች። ተቀየምኳት? አልተቀየምኩም። ተማሪዬ ብትሆን ሙሉ ማርክ እሰጣት ነበር።

ባልና ሚስት የሆናችሁ፣ ካርታው በአንዳችሁ ስም ቢሆንም የጋራ ሀብት ከሆነ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። የ1992ቱ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 ነው። ድሬዳዋ ላይ የሚሠራው የፌዴራሉ ሕግ ስለሆነ ይመለከተናል። ባል ጫት ቤት ሆኖ ስልክ ላይ «ሽጠናል» ቢል አልተሸጠም። (ጭብጨባ) የሚያጨበጭቡት እናቶች ብቻ ናቸው!

በዕጣ የደረሳችሁ ደግሞ የ5 ዓመቱ የሽያጭ እገዳ ማለፉን ውላችሁ ላይ አረጋግጡ። የባንክ ዕዳ ካለ ከዕዳና እገዳ ነፃ የሚል ደብዳቤ ይያዝ። የነዋሪዎች ማኅበሩ ውዝፍ ካለባችሁ ክፈሉ፤ በአዋጅ 370/1995 መሠረት ደረጃውም ጣሪያውም የጋራ ነው፣ ገዢው የእናንተን ውዝፍ አብሮ መግዛት አይፈልግም። ተከራይ ካለ ውሉን ለገዢው አሳዩ። የኪራይ አዋጁ 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ ይላል። ልግባበት ብሎ የሚገዛ ሰው ውስጥ ተከራይ ካገኘ ጠቡ ከእናንተ ጋር ነው።

ቀብድ ላይ ልጨርስ። ቀብድ እንደ ምርቃት የሚቆጥር ሰው አለ። አይደለም፤ ሕግ አለው። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ገዢ ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ሻጭ ከቀየረ ግን እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 ነው። የማውቃቸው አንድ አባት ቀብድ ተቀብለው፣ በሳምንቱ የተሻለ ገዢ መጣላቸው። «ብሩን መለስኩለት፣ ምን ይለኛል?» አሉ። ሰውዬው እጥፉን ጠየቀ። ክርክሩ ሲጓተት ሁለተኛው ገዢ ሌላ ቤት ገዝቶ ገባ። በዚህ ገበያ አንድ ገዢ ማግኘት ስንት ነገር ነው፣ እሳቸው ሁለት አግኝተው ሁለቱንም አጡ። ስለዚህ ቀብድ ስትቀበሉ ትንሽ አይሁን፣ ቀሪው የሚከፈልበት ቀን ይጻፍ፣ ምስክር ይፈርም።

ዋናው ውል ውልና ማስረጃ ፊት ይፈረም። ክፍያው በሲፒኦ ወይም በባንክ ዝውውር ይሁን። ገዢው 2 በመቶ የቴምብር ቀረጡን ለመቀነስ «ዋጋውን አሳንሰን እንጻፍ» ሊላችሁ ይችላል። ሕገ ወጥ መሆኑ አንድ ነገር ነው። ነገሩ ቢበላሽና ፍርድ ቤት ብትቆሙ ደግሞ ዳኛው የሚያየው ወረቀቱ ላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ ቀሪውን በምን ታስረዳላችሁ? እኛ የተከፈለውን ነው ያስጻፍነው። ወንድም ጋሼ ከአዲስ አበባ መጥቶ ፈረመ። ፊርማው ላይ እጁ ትንሽ ዘገየ። ከዚያ ሦስታችንም ድርሻችንን ወሰድን። እሱ ድርሻውን ይዞ አዲስ አበባ ላይ ሌላ ሻጭ ማስጨነቅ ጀምሯል። «ገዢ ጠፍቷል እኮ፣ ቀንስልኝ» እያለ ነው አሉ። (ሳቅ)

እሺ፣ ከዚህ በላይ አላወራም፤ ሻዩ ተቀድቷል። ቅድም እጃቸውን ያወጡት እናት ጥያቄ ነበራቸው መሰለኝ። ማይኩን ስጧቸው። አዎ፣ እርስዎ፣ ከእርስዎ እንጀምር።